የፕሮስቴት ካንሰር «ምድብ 4» እና «አራተኛ ደረጃ» አንድ አይደሉም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ፕሮስቴት (በወንዶች ፊኛ ሥር ስለሚገኘው ዕጢ) ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ወንዶች በአደባባይ ሊያወሩት ለሚያፍሩበት ሕመም ጋዜጣው ቦታ መስጠቱ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በመጀመሪያው አንቀጹ ይህ ካንሰር ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ አብዛኞቹ ወንዶች ይዘውት ይኖራሉ እንጂ አይሞቱበትም ካለ በኋላ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ አራተኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው የሚሰጠው ሕክምና ማስታገሻ ብቻ ነው ብሎ ይዘጋዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳቸው ሰዎች አሉ፤ ካንሰራቸው ገና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያልተሠራጨ፣ ነገር ግን በጠባዩ ኃይለኛ የሆነ፣ ሙሉ ሕክምና ቢያገኙ የመዳን ተስፋ ያላቸው፣ ካላገኙ ግን ብዙዎቹ በዚሁ በሽታ የሚሞቱ አባቶች ናቸው። እኔ የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። የእነዚህን ሰዎች ናሙና በማይክሮስኮፕ የማየው፣ ውጤቱንም ጽፌ የምፈርመው እኔና መሰሎቼ ስለሆንን፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ሴት በሌላ ተቋም የተሠሩ የአባቷን የናሙና ስላይዶች ይዛ፣ እንደገና ታይተው እንዲነበቡላት ጠየቀችኝ። አባቷ የ67 ዓመት ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። «አራተኛ ደረጃ ነው ተብለናል፤ መርፌውን እየወሰዱ በቤታቸው ይረፉ አሉን» አለችኝ። ቤተሰቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሞት ሲዘጋጅ እንደነበር፣ አባትም ጸበል ከመሄድ በቀር ሌላ የሕክምና ተስፋ እንደሌላቸው አምነው እንደተቀመጡ ነገረችኝ። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን፣ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚያስቆመውን የሆርሞን መርፌ መውሰድ ከጀመሩ 14 ወራት ሆኗቸዋል። የያዘችውን ወረቀት ሳነብ የግሊሰን ነጥቡ (የካንሰር ሴሎቹ ኃይለኛነት በማይክሮስኮፕ የሚለካበት ቁጥር) 4 ሲደመር 4፣ በድምሩ 8፣ ምድቡም 4 መሆኑ ተጽፏል። በምርመራው ጊዜ ፒኤስኤ የተባለው፣ ፕሮስቴት የሚያመርተውና በደም ውስጥ የሚለካው ፕሮቲን ልክ 31 ነበር። የአጥንት ስካኑና የሆድ ሲቲ ስካኑ ግን ንጹሕ ናቸው፤ ካንሰሩ ከፕሮስቴት ውጭ በየትም ቦታ አልታየም። «ምድብ 4» የሚለው ቁጥር ከወረቀቱ ወደ አንድ ባለሙያ አፍ፣ ከዚያም ወደ ቤተሰቡ ጆሮ ሲሻገር «አራተኛ ደረጃ» ሆኖ ደረሰ፤ በዚህ የአንድ ቃል መለዋወጥ ምክንያት አንድ ሰው 14 ወራት ግማሽ ሕክምና ብቻ ሲወስድ ቆየ።

በአማርኛ ለሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አንድ ቃል እንጠቀማለን፤ እርሱም «ደረጃ» ነው። አንደኛው ካንሰሩ የት ደርሷል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ከፕሮስቴት ዕጢው አልወጣም፣ የዕጢውን ሽፋን አልፏል፣ ወደ ንፍፊቶች ወይም ወደ አጥንት ሄዷል እንደማለት። ሁለተኛው ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው ቅርጻቸውና አሰላለፋቸው ምን ያህል ርቀዋል ለሚለው የሚሰጥ መልስ ሲሆን፣ ስለ ቦታ ምንም አይናገርም። የመጀመሪያው የተጓዘውን መንገድ፣ ሁለተኛው የመንገደኛውን ጠባይ ይነግረናል። ኃይለኛ ጠባይ ያለው ካንሰር ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሊገኝ ይችላል፤ ሕክምና ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመውም ያን ጊዜ ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሕመማቸው ይፋ ሲደረግ፣ መግለጫው የግሊሰን ነጥባቸው 9፣ ምድቡም 5 መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ካንሰሩ ወደ አጥንት መሠራጨቱን ለብቻው ተናግሯል። ሁለቱ ለየብቻ የተጠቀሱት ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ስለሆኑ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እኔም «ደረጃ»ን ለሥርጭቱ፣ «ምድብ»ን ለሴሎቹ ጠባይ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሴሎቹን ጠባይ በቁጥር የመለካት ዘዴ የመጣው በ1966 ነው። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የፓቶሎጂ ሐኪም ዶናልድ ግሊሰን፣ የፕሮስቴት ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚይዛቸውን ቅርጾች ከ1 እስከ 5 ከፋፍለው፣ በአንድ ሰው ናሙና ውስጥ ጎልተው የሚታዩትን ሁለት ቅርጾች ቁጥር መደመር ጀመሩ። ዘዴው ከብዙ ማሻሻያ ጋር ዛሬም ይሠራበታል። አንድ ችግር ግን ነበረበት። በዛሬው አሠራር በባዮፕሲ፣ ማለትም ከዕጢው በሚወሰድ ናሙና፣ የሚሰጠው ዝቅተኛው ድምር 6 ስለሆነ፣ ከሁሉ የዋህ የሆነው ካንሰር ያለበት ሰው «ከ10 ውስጥ 6 ነው» ሲባል በሽታው የከፋ ይመስለው ነበር። በሌላ በኩል 3 ሲደመር 4 እና 4 ሲደመር 3 ሁለቱም 7 ቢሆኑም ጠባያቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ በ2014 ዓለም አቀፍ የዘርፉ ባለሙያዎች ተሰብስበው ከ1 እስከ 5 ያሉትን አዳዲስ ምድቦች ተቀበሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 በመጽሐፉ አካተታቸው። ድምሩ 6 የሆነው ምድብ 1፣ ሁለቱ ዓይነት 7 ምድብ 2 እና 3፣ 8 ምድብ 4፣ 9 እና 10 ደግሞ ምድብ 5 ሆኑ። ለሕሙማን ግልጽ እንዲሆን ተብሎ የተሠራው ይህ ማሻሻያ፣ በእኛ ቋንቋ ከ«ደረጃ» ጋር ተደባልቆ አዲስ ግራ መጋባት መፍጠሩ ያሳዝነኛል። ጥፋቱ በከፊል የእኛው የሐኪሞቹ ነው፤ ቃሉን ለይተን አላስተማርንም።

ምድቡ ብቻውን ግን ሙሉ ሥዕል አይሰጥም። በ1998 አንቶኒ ዳሚኮ የተባሉ አሜሪካዊ የጨረር ሕክምና ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሦስት መረጃዎችን አንድ ላይ በማየት ሕሙማንን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብለው ከፈሉ። ሦስቱም በአገራችን የሚገኙ ናቸው፤ የደም ፒኤስኤ ልክ፣ የባዮፕሲው የግሊሰን ነጥብ፣ እንዲሁም ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ዳስሶ የሚያገኘው። ፒኤስኤ ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ፣ ወይም የግሊሰን ነጥቡ ከ8 እስከ 10 ከሆነ፣ ወይም ዕብጠቱ የዕጢውን ሁለት ጎኖች የያዘ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሰውየውን ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ወዲህ የወጡ መመሪያዎች በከፍተኛ ስጋት ውስጥም ልዩነት እንዳለ አሳይተዋል። ካንሰሩ ወደ ዘር ፈሳሽ ከረጢቶች የገባ፣ ወይም በናሙናው ውስጥ ጎልቶ የሚታየው የግሊሰን ቅርጽ 5 የሆነ፣ ወይም ከአራት በሚበልጡ የናሙና ቁራጮች ላይ ምድብ 4 ወይም 5 የተገኘበት ሰው «እጅግ ከፍተኛ ስጋት» ያለበት ሲባል ቆይቷል። ፒኤስኤው 22 ሆኖ ሌላው ሁሉ መልካም የሆነ ሰውና እነዚህ ክፉ ምልክቶች ተደራርበው የተገኙበት ሰው በአንድ ቃል «ከፍተኛ» ቢባሉም፣ የወደፊት ዕጣቸው አንድ አይደለም።

ስለ ፒኤስኤ ሁለት ነገር በአጭሩ ላንሳ። የፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ፣ የሽንት መንገድ ኢንፌክሽንና ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት ልኩን ከፍ ያደርጉታል፤ ለዕጢ መተለቅ የሚሰጠው ፊናስቴራይድ የተባለው ክኒን ደግሞ ለወራት ሲወሰድ ልኩን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ይሳሳታል። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ፣ ፒኤስኤው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ የግሊሰን ነጥቡ 9 ወይም 10 የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያሉት ሴሎች ከጤነኛው ጠባያቸው እጅግ ከመራቃቸው የተነሣ ፒኤስኤውን እንኳ በሚገባ ላያመርቱ ይችላሉ። ልኩ ዝቅ ማለቱ መልካም ዜና የማይሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውጤቱ ልምጣ። «ይዘውት ይኖራሉ እንጂ አይሞቱበትም» የሚለው አባባል መሠረት አለው። በብሪታንያ ከዕጢው ያልወጣ ካንሰር የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች ክትትል፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር እንዲያገኙ በዕጣ ተመድበው ከ15 ዓመት ክትትል በኋላ በ2023 ውጤቱ ሲታተም፣ በካንሰሩ የሞቱት 2.7 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሦስቱ ቡድኖች መካከልም የጎላ የሞት ልዩነት አልታየም። የእነዚህ ወንዶች አብዛኞቹ ግን ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ስጋት የነበራቸውና በፒኤስኤ ምርመራ ገና ምልክት ሳያሳዩ የተገኙ ናቸው። ሽንት ተዘግቶባቸው ወደ ሐኪም ለሚመጡት የእኛ አባቶች ይህን ቁጥር ወስዶ ማጽናኛ ማድረግ አይገባም።

ለእነርሱ የሚቀርበው ማስረጃ ሌላ ነው። በኖርዌይ፣ በስዊድንና በዴንማርክ 875 ወንዶች የተካፈሉበት ጥናት በ2009 ታትሟል። አብዛኞቹ ካንሰራቸው የዕጢውን ሽፋን ያለፈ፣ ነገር ግን ወደ ንፍፊትም ወደ አጥንትም ያልሄደ ነበር። ግማሾቹ የሆርሞን ሕክምና ብቻ፣ ግማሾቹ የሆርሞን ሕክምናና ጨረር በአንድነት ተሰጣቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ሆርሞን ብቻ ካገኙት 23.9 ከመቶ የሚሆኑት በካንሰሩ ሲሞቱ፣ ጨረር ከተጨመረላቸው የሞቱት 11.9 ከመቶ ነበሩ። በ15 ዓመት ደግሞ 34 ለ17 ሆነ። ጨረር በዚህ በሽታ የሚመጣውን ሞት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በካናዳና በብሪታንያ 1,205 ወንዶች የተካፈሉበት ሌላ ጥናትም ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሷል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ በአውሮፓ ሚሼል ቦላ የተባሉ ሐኪም የመሩት ጥናት ጨረር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አሳየ፤ ጨረር ብቻ ከወሰዱት ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 39.8 ከመቶ ሲሆኑ፣ ሦስት ዓመት የሆርሞን ሕክምና ከተጨመረላቸው ግን 58.1 ከመቶ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናም ለተመረጡ ሕሙማን ተገቢ መንገድ ነው፤ ሆኖም ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብዙዎቹ ከቀዶው በኋላ ጨረር ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ታዲያ መርፌው ብቻውን የሚሰጠው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት መርፌው ሁሉንም ሰው ስለሚያታልል ይመስለኛል። የቴስቶስትሮን መቋረጥ የፕሮስቴት ካንሰርን እንደሚያዳክም ቻርልስ ሃጊንስ የተባሉ ሐኪም በ1941 አሳይተው፣ በ1966፣ ማለትም ግሊሰን የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ባወጡበት ዓመት፣ የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። መርፌውን ወይም የዘር ፍሬ ማውጣትን ተከትሎ ፒኤስኤው በጥቂት ወራት ውስጥ ከ31 ወደ 1፣ ከዚያም ወደ ዜሮ አካባቢ ይወርዳል። ሽንቱ ይቀልላል፤ ሰውየው ይበረታል፤ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ሐኪሙም «ሕክምናው ሠርቷል» ይላል። ነገር ግን በዕጢው ውስጥ ያሉት ሴሎች አብዛኞቹ ተኝተው ነው ያሉት። ከዓመታት በኋላ ቴስቶስትሮን ሳያስፈልጋቸው ማደግ የተማሩት ይነሣሉ፤ ያን ጊዜ በአጥንት ላይ የምናገኛቸው እነርሱን ነው።

ሌላው ምክንያት የጨረር ሕክምና እጥረት ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር ለረጅም ዓመታት የነበረው ብቸኛ የጨረር ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭ መጀመሩ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም ወረፋው አሁንም ረጅም ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ጨረሩ ከሌለ ቁጥሩን ነግሮ ሰውን ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል» ይሉኛል። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። ከፍተኛ ስጋት ላለባቸው ሕሙማን የሆርሞን ሕክምና ከጨረሩ በፊት ለተወሰኑ ወራት መጀመሩ የሕክምናው የራሱ አካል ነው። ስለዚህ መርፌው በተጀመረበት ቀን ስማቸው ወደ ጨረር ወረፋ ከገባ፣ የሚጠብቁባቸው ወራት ባክነው አይቀሩም። የሚባክኑት ማንም ሳይመዘግባቸው ሲቀር ነው። የ67 ዓመቱ አባት 14 ወራት መርፌ ሲወስዱ ስማቸው በአንድም ወረፋ ላይ አልነበረም።

የወረፋውን ርዝመት የሚያሳጥር ማስረጃም አለ። በብሪታንያ ከ3,200 በላይ ወንዶች የተካፈሉበትና በ2016 የታተመ ጥናት፣ በ37 የሕክምና ቀናት የሚሰጠውን ጨረር በየቀኑ መጠኑን ከፍ በማድረግ በ20 የሕክምና ቀናት መጨረስ ካንሰሩን በመቆጣጠር ረገድ እንደማያንስ አሳይቷል። ከተካፋዮቹ አብዛኞቹ መካከለኛ ስጋት ያላቸው ቢሆኑም ከፍተኛ ስጋት ያላቸውም ነበሩበት። ከሩቅ አገር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ለሚታከም ገበሬ የአራት ሳምንትና የሰባት ሳምንት ተኩል ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፤ በአንድ ማሽን በዓመት ስንት ሰው መታከም እንደሚችልም ስሌቱ ግልጽ ነው።

ከዚህም በላይ የሄደ ሕክምና አለ። በ2022 የታተመ የብሪታንያና የስዊዘርላንድ ጥናት፣ ካንሰራቸው ወደ ሩቅ አካል ሳይሠራጭ እጅግ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው 1,974 ወንዶች ተካፍለውበት፣ ለከፊሎቹ ከተለመደው ሕክምና ላይ ሁለት ዓመት አቢራቴሮን የተባለው ክኒን ተጨምሮ ሲሰጥ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ያለ ሥርጭት በሕይወት የቆዩት ከ69 ከመቶ ወደ 82 ከመቶ ከፍ ብለዋል። አቢራቴሮን ከ2019 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። የመድኃኒት ግዥ የሚወስኑ ክፍሎች ክኒኑን ለተሠራጨ ካንሰር ብቻ እንደሚውል አድርገው እንዳይቆጥሩት አሳስባለሁ።

የራሴን ቤት ሳልጠርግ የሌላውን መውቀስ አልፈልግም። ስጋትን በትክክል ለመመደብ የሚያስችል የፓቶሎጂ ውጤት ሁልጊዜ አንሰጥም። እስከ ዛሬ «አዴኖካርሲኖማ» (ከዕጢ ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ማለት ነው) የሚል አንድ ቃል ብቻ የሰፈረበት ውጤት ይደርሰኛል፤ ያ ሰው በዚያ ወረቀት ማንም ሊመድበው አይችልም። ከዕጢው የተለያዩ ቦታዎች የተወሰዱ አሥራ ሁለት ቁራጮች በአንድ ጠርሙስ ተደባልቀው ሲመጡም ስንቶቹ ላይ ካንሰር እንዳለና የትኛው ላይ ምድብ 4 ወይም 5 እንደተገኘ ለመናገር እቸገራለሁ፤ ቦታው ተጽፎባቸው በየጠርሙሱ ተለይተው ቢላኩ ወጪው የጠርሙስ ያህል ነው። ከሁሉ በላይ ናሙናው የሆርሞን መርፌ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። መርፌው የሴሎቹን መልክ ስለሚለውጥ ከዚያ በኋላ የተወሰደ ናሙና በግሊሰን ዘዴ በታማኝነት ሊለካ አይችልም። ፒኤስኤው ከፍ ስላለ ብቻ ሳይመረመር መርፌ የተወጋ ሰው ምድቡን የማወቅ ዕድሉን ያጣል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህ ጉዳይ የቅርብ ነው። በአሜሪካ ከስምንት ወንዶች አንዱ በዕድሜ ዘመኑ የፕሮስቴት ካንሰር ሲገኝበት፣ በጥቁር ወንዶች ግን ከስድስት አንዱ ነው፤ በበሽታው የመሞት መጠናቸውም ከነጮቹ እጥፍ ያህል ነው። ሆኖም ለሁሉም እኩል ሕክምና በሚሰጠው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የሕክምና ሥርዓት ውስጥ የተደረገ ጥናት በ2020 ሲታተም፣ የጥቁሮቹ ወንዶች ውጤት ከነጮቹ የከፋ ሆኖ አልተገኘም። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ስለ እኛ አገር አስባለሁ። ከዋሽንግተን ወይም ከቶሮንቶ ደውለው «የአባታችን ካንሰር ስንተኛ ደረጃ ነው» ብለው የሚጠይቁኝ ልጆችም፣ ከዚያ ጋር አያይዘው «ምድቡስ ስንት ነው፣ ፒኤስኤው ከሕክምናው በፊት ስንት ነበር፣ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ታስቧል ወይ» ብለው ቢጠይቁ ለአባታቸው የሚጠቅም መልስ ያገኛሉ።

ሁሉም ሰው ሁሉንም ሕክምና ይውሰድ እያልኩ አይደለም። የ85 ዓመት ሽማግሌ ልባቸው የደከመ ከሆነ መርፌው ብቻ፣ አንዳንዴም ክትትል ብቻ ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የሆርሞን ሕክምናም አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና የልብ ሕመም ያባብሳል፣ የትዳርን ሕይወት ይነካል። ነገር ግን ይህ ውሳኔ ሰውየው ስጋቱን ካወቀ በኋላ ከሐኪሙና ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ የሚወስነው ሊሆን ይገባል። በአንድ ቃል ስሕተት ሊወሰንበት አይገባም።

የ67 ዓመቱ አባት ልጃቸው ስላይዶቹን ካመጣች ከአምስት ወር በኋላ ጨረሩን በ20 ቀናት ጨርሰዋል። ፒኤስኤያቸው በመጨረሻው ምርመራ ከ0.1 በታች ነበር፤ መርፌው ገና እየተሰጣቸው ስለሆነ ይህ ቁጥር ብቻውን ስለ መዳን አይመሰክርም፤ ወደፊትም ዓመታት የሚወስድ ክትትል ይጠብቃቸዋል። የጠፉት 14 ወራት ምን ያህል እንደጎዷቸው ያን ጊዜ ይታያል።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው በሚቀጥለው ዕትም ስለ «አራተኛ ደረጃ» የወጣው ዓረፍተ ነገር በሁለት ማስተካከያዎች እንደገና እንዲታተም ነው። አንደኛ፣ አራተኛ ደረጃ ማለት ካንሰሩ ከፕሮስቴት ወጥቶ ወደ ንፍፊት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሌላ አካል መሠራጨቱ እንደሆነና ለእነዚህም ሕሙማን ዕድሜ የሚያራዝም ሕክምና መኖሩ እንዲገለጽ፤ ሁለተኛ፣ በባዮፕሲ ውጤት ላይ «ምድብ 4» ወይም «ምድብ 5» ተብሎ የተጻፈለት፣ ነገር ግን የአጥንት ስካኑና ሲቲ ስካኑ ንጹሕ የሆነ አንባቢ ወረቀቱን ይዞ ወደ ካንሰር ሐኪም እንዲሄድና ስለ ጨረር ሕክምና እንዲጠይቅ በግልጽ እንዲነገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም
አዲስ አበባ